መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ወተት

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ቅዳሜ ማታ ከሥራ ስመለስ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ሠፈራችን መታጠፊያ ላይ ካለው የቆርቆሮ አጥር ሥር አፉ የታሰረ ኬሻ አየሁ። ውስጡ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ አለ። ስፈታው ሦስት የድመት ግልገሎች ናቸው። ሁለቱ ሞተዋል። አንዷ ትተነፍሳለች። ዓይኗ አልተገለጠም፤ እትብቷም ደርቆ ሆዷ ላይ አለ። በነጠላዬ ጠቅልዬ ቤት አስገባኋት። የላም ወተት አሙቄ በማንኪያ ሰጠኋት። ትን አላትና በአፍንጫዋ ወጣ። ዛሬ ሆዷ ተነፍቷል። ከመጣች ጀምሮ አልተጸዳዳችም። ድምጿም እየደከመ ነው። እናቴ «ይቺ አትተርፍም፤ ደግሞ በፍልሰታ ወተትና እንቁላል ማዕድ ቤቴ ውስጥ አይዙርብኝ» ትላለች። የወንድሜ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፣ አብራን ነው የምትኖረው። ጎረቤቶች ድመት ለእርጉዝ አይሆንም ብለው አስፈራርተዋታል። እኔም በልቤ፣ ሰው በሚራብበት አገር ለድመት ብዬ እንቅልፍ ማጣቴ ልክ ነው ወይ እላለሁ። ምን ላድርግ? እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

የሳሪሷ

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ደብዳቤሽን እሑድ ማታ እንዳነበብኩ ዋና ዋናውን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ይቺ ልጅ ዓምዱ እስኪወጣ የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም። ሙሉውን ግን እዚህ ልጻፈው። በክረምት እንዲህ ያለ ደብዳቤ የምትጽፊልኝ አንቺ ብቻ አይደለሽም።

የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። የማውቀውን የተማርኩት እጄ ላይ ከሞተች አንዲት ግልገልና ከእሷ በኋላ ካሳደግኳቸው ነው። የመጀመሪያዋን ያገኘኋት ሐምሌ ላይ፣ በቤቴ በር ሥር ነበር። መዳፏ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። እኔ ግን የታየኝ ረሃቧ ብቻ ነው። እንደ ሕፃን ታቀፍኳት፣ በጀርባዋ አንጋለልኳትና ወተት በማንኪያ አፏ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረግኩላት። ጠጣችልኝ ብዬ ደስ አለኝ። በማግሥቱ ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ አንድ የሚንኮሻኮሽ ነገር ይሰማ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ወተቱ ሳንባዋ ገብቶ እንደነበር የነገረኝ በኋላ ያገኘሁት ሐኪም ነው። ስለዚህ የምነግርሽን በቅደም ተከተሉ ያዢልኝ። የእሷ ነፍስ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ሙቀት ነው።

አዲስ የተወለደች ድመት የራሷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም። እኛ ሲበርደን እንንቀጠቀጣለን፣ መንቀጥቀጡም ያሞቀናል። እሷ በመጀመሪያው ሳምንት መንቀጥቀጥ እንኳ አትችልም። ዝም ብላ ትቀዘቅዛለች። የትልቅ ድመት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው፤ የእሷ በዚህ ዕድሜ ከ35 እስከ 37 ገደማ ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ አንጀቷ ሥራ ያቆማል። ያኔ የገባ ወተት አይፈጭም። እዚያው ተቀምጦ ይቦካና ሆዷን ይነፋዋል። የመዋጥ አቅሟም ስለሚደክም ወተቱ መንገድ ስቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል። አንቺ ያየሽው ትንታና የሆድ መነፋት ሁለቱም ከዚህ ሊመጡ ይችላሉ። የቀዘቀዘች ግልገል ወተት አይሰጣትም። ረሃቧ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ብርዷ ግን አይቆይም።

መቀዝቀዟን ለማወቅ እጅሽን ታጠቢና የትንሿን ጣትሽን ጫፍ አፏ ውስጥ አስገቢ። ውስጡ ለጣትሽ ሞቅ ካላለ ቀዝቅዛለች ማለት ነው። ያኔ ከልብስሽ ሥር፣ ደረትሽ ላይ፣ ቆዳሽን አስነክተሽ ያዣት። ከላይ ጋቢ ደርቢ። አንድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። አትቸኩዪ። ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ወይም ምድጃ አጠገብ ማስተኛት ያቃጥላታል፣ ልቧንም ያስጨንቃል። ቀስ ብሎ የመጣ ሙቀት ነው የሚበጃት።

ስትሞቅ ቤት ሥሪላት። የጫማ ካርቶን ይበቃል። አሮጌ ለስላሳ ብርድ ልብስ አንጥፊበት። ፎጣ ካነጠፍሽ ጥፍሯ ክሩ ላይ እየተያዘ ያስቸግራታል። በአንድ ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሙዪ። የፈላ አይሁን፣ እጅሽ የሚችለው ይሁን። ክዳኑን አጥብቀሽ ወፍራም ካልሲ አልብሺውና በካርቶኑ አንድ ጎን አስተኚው። ሌላውን ጎን ባዶ ተይው። ሲበርዳት ትጠጋዋለች፣ ሲሞቃት እየተሳበች ትርቃለች። ዓይን ባይኖራትም ይህን ታውቃለች። እሷ የምትተኛበት ቦታ በመጀመሪያው ሳምንት 30 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ነው ጥሩ። በነሐሴ የአዲስ አበባ ቤት ይህን በራሱ አይሰጥሽም። ሃይላንዱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቶሎ አንሺው። የቀዘቀዘ ጠርሙስ ከእሷው ላይ ሙቀት ይስባል። ወተት ልትሰጪ በተነሣሽ ቁጥር ውሃውን ቀይሪ፤ ሁለቱ ሥራ አብሮ ይሄዳል።

ከሰል ግን አደራሽን። መብራት ሲጠፋ ከሰል አያይዞ ክፍል ውስጥ ማስገባት የለመድነው ነገር ነው። በር ተዘግቶ የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ጋዝ ያወጣል። ለእሷም፣ ለአንቺም፣ ይልቁንም ለነፍሰ ጡሯ አደገኛ ነው። መብራት ቢጠፋ ሃይላንዱና የአንቺ ደረት ይበቋታል።

አሁን ወደ ሆዷ ልምጣ። «አልተጸዳዳችም» ያልሽኝ በጣም አስጨንቆኝ ነበር፤ ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ግልገል ይሞትበታል። የድመት ልጅ እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ሽንቷንም ዓይነ ምድሯንም በራሷ ማስወጣት አትችልም። እናቷ ናት ከጅራቷ ሥር እየላሰች የምታስወጣላት። እናት በሌለችበት ያ ሥራ የአንቺ ነው። ጥጥ ወይም ለስላሳ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ንከሪ፣ ጨመቅ አድርጊ። በአንድ እጅሽ ሆዷን ደግፈሽ ያዢና ከጅራቷ ሥር ቀስ እያልሽ አብሺ። እንደ ምላስ አስቢው፤ ቀላል፣ ፈጠን ያለ፣ የማያቋርጥ። መጀመሪያ ምንም አይመጣም። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ የኋላ እግሮቿ ወጠር ይሉና ጥጡ ላይ ሙቀት ይሰማሻል። ያ ሽንቷ ነው። የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ሲሆን እኔ አልቅሻለሁ። ሽንቷ ከእያንዳንዱ ወተት በፊት ወይም በኋላ መምጣት አለበት። ቀለሙ ነጣ ያለ ቢጫ ሲሆን ደህና ናት፤ ከጠቆረ ውሃ አጥሯታል። ዓይነ ምድር በቀን አንዴም ቢሆን ይበቃል። ቢጫ ሆኖ እንደ ሰናፍጭ ለስለስ ያለ ነው። ከጨረስሽ በኋላ አድርቂያት፤ እርጥበት መልሶ ብርድ ነው።

አፏ ሞቋል፣ ሽንቷ ወጥቷል። አሁን ወተት።

የላም ወተት ለጥጃ ነው የተሠራው። የድመት ወተት ፕሮቲኑ ከላም ወተት ከእጥፍ በላይ ነው፤ ቅባቱም ይበልጣል። የላም ወተት ብቻ የምትጠጣ ግልገል ሆዷ የሞላ ይመስላል እንጂ አታድግም። ተቅማጥም ይይዛታል፣ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ተቅማጥ በአንድ ቀን ይገድላል። የሕፃናት ፎርሙላም ለሰው ልጅ የተመጠነ ነው፣ አይበቃትም። የሚያስፈልጋት ለድመት ግልገል ተብሎ የሚዘጋጅ የዱቄት ወተት ነው። የእንስሳት ክሊኒኮችንና የእንስሳት መድኃኒት መደብሮችን ደውለሽ ጠይቂ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ አንዱ ጋ ከሌለ ሌላውን ሞክሪ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አንድ ጣሳ ሻንጣው ውስጥ አይከብደውም።

እስኪገኝ ድረስ ለአንድ ሁለት ቀን የሚያቆያት አለ። ፈልቶ የበረደ 240 ሚሊ ሊትር ቅባቱ ያልተቀነሰ ወተት፣ የሁለት እንቁላል አስኳል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት። የፍየል ወተት ካገኘሽ እሱን አድርጊው። የእንቁላሉን ነጭ አትጨምሪ። ማርና ስኳርም አይግባበት። ደህና አድርገሽ ምቺው፣ አጥልዪው፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፤ ከአንድ ቀን በላይ ግን አታሳድሪው። ለአንድ ጊዜ የሚበቃትን ብቻ ቀድተሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ ባስቀመጥሽው ኩባያ አሙቂ። የእጅሽ አንጓ ላይ ጠብ ስታደርጊው ትኩሳቱም ቅዝቃዜውም ካልተሰማሽ ልክ ነው። ይህ ግን መሻገሪያ ነው፤ ድመት አያሳድግም። ሆዷ አሁን ስለተነፋ የመጀመሪያውን አንድ ጊዜ ከወተት ይልቅ እሽጉ ላይ እንደተጻፈው የተበጠበጠ ኦ አር ኤስ ለብ አድርገሽ ብትሰጫት ሆዷን ያሳርፍላታል።

እናትሽ ስለ ጾሙ ያሉት ትክክለኛ ጭንቀት ነው፤ አትከራከሪያቸው። ለእሷ የሚሆን አንድ ኩባያ፣ አንድ ማንኪያና አንድ ትንሽ ሳህን ለይተሽ በአንድ ፌስታል ያዢ። በእነሱ ዕቃ አትጠቀሚ፤ ማዕድ ቤት ሳይሆን መኝታ ቤትሽ ውስጥ አዘጋጂው። ይህን ሲያዩ ይለዝባሉ። የእኔም እናት እንዲሁ ነበሩ።

መጠኑን በዓይን አትገምቺ። በዚህ ዕድሜ ሆዷ የሚችለው ለእያንዳንዱ 100 ግራም ክብደቷ 4 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አዲስ የተወለደች ድመት ደግሞ 100 ግራም ገደማ ናት። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከ4 ሚሊ ሊትር አትለፊ። ደካማ ስለሆነች መጀመሪያ በ2 ጀምሪና እያየሽ ጨምሪ። በየሁለት ሰዓቱ፣ ሲያልፍ በየሦስት ሰዓቱ። በቀን የምትጠጣው ሁሉ ተደምሮ የግማሽ ሲኒ ያህል ነው። ሚዛን ግን ያስፈልግሻል። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን መርካቶ ታገኛለሽ። እስክትገዢ ድረስ የሠፈር ባለ ሱቁን ለምኚ። የእኔን ሁለተኛ ግልገል የሠፈራችን ባለ ሱቅ ነበር በየጠዋቱ የሚመዝንልኝ፤ ሚዛኑ ላይ ወረቀት ያነጥፍና ትንፋሹን ይዞ ቁጥሩ እስኪቆም ይጠብቅ ነበር። በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም መጨመር አለባት። አንድ ቀን ባትጨምር ልብ በይ። ከቀነሰች ግን ሐኪም ያስፈልጋታል። ይህ ቁጥር ከዓይንሽ ቀድሞ ይነግርሻል። ከውጭ ስትታይ ደህና ናት፣ ሚዛኑ ግን ሌላ ነገር ይላል።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። ማንኪያውን ተይው። ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ባለ 1 ወይም ባለ 3 ሚሊ ሲሪንጅ ግዢ። ጡጦ ካገኘሽም ጥሩ ነው። በጭራሽ በጀርባዋ አታስተኛት። በሆዷ ጭንሽ ላይ አድርጊያት፣ ከሥሯ ጨርቅ ይኑር፣ አንገቷ ቀጥ ይበል፤ ልክ ከእናቷ ጡት ላይ እንዳለች። የሲሪንጁን ጫፍ ከአፏ ጎን አስገቢና ጠብታ ብቻ ልቀቂ። እስክትውጥ ጠብቂ። ሌላ ጠብታ። አንቺ አትግፊው፣ እሷ ትሳበው። መጥባት ስትጀምር ጆሮዎቿ በእያንዳንዱ መዋጥ ወደ ኋላ ብልጭ ብልጭ ይላሉ። እኔ ከወተቱ ይልቅ ጆሮዎቿን ነው የማየው። ጆሮዋ ቆሞ ወተቱ ከከንፈሯ ከፈሰሰ አቁሚ። የፊት እግሮቿም ጨርቁን መግፋት ይጀምራሉ፣ የእናቷን ጡት የምትጨምቅ መስሏታል። ስትጠግብ ትከሻሽ ላይ አድርገሽ ጀርባዋን ቀስ ብለሽ መታ መታ አድርጊላት፣ አየሩ ይውጣ።

ወተት በአፍንጫዋ ከመጣ ወዲያው አቁሚ፣ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጊ፣ አፍንጫዋን ጥረጊ፣ እስክትረጋጋ ተያት። አንዴ ይህ ስለደረሰባት ለሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ቀናት አተነፋፈሷን ተከታተይ። አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ደረቷ ከተንኮሻኮሸ፣ ወይም ወተት እምቢ ካለች በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰጃት። ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን ቆርሰሽ እንዳትሰጪ፤ መጠኑን ማወቅ የሚችለው ሐኪም ብቻ ነው። ፓራሲታሞል ደግሞ ለድመት መርዝ ነው። ትንሿ ቁራጭ ትገድላለች።

ከኬሻ ስለወጣች ቁንጫ ሊኖርባት ይችላል። ቁንጫ በ100 ግራም ገላ ላይ ደም ጨራሽ ነው። ድድዋ ከነጣ እሱ ሊሆን ይችላል። ለውሻ የሚሸጥ የቁንጫ መድኃኒት ወይም ቤት ውስጥ የሚረጭ ፀረ ተባይ አታስነኪያት፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ድመትን ይገድላል። የቅማል ማበጠሪያ ያዢ። ስታበጥሪ የተያዘውን ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ንከሪ። ሰውነቷን ማጠብ ግድ ከሆነ ቶሎ፣ በለብ ባለ ውሃ፣ ጭንቅላቷን ሳትነኪ፣ ወዲያውም አድርቀሽ ደረትሽ ላይ።

ሌሊቱን እንዴት ልሁን ትዪኝ ይሆናል። ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ 10 ሰዓት፣ ከዚያ ጠዋት 1 ሰዓት። የስልክሽን ማንቂያ ሙዪ። ክብደቷ እየጨመረ ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት ሌሊቱ ይሰፋል፤ በሦስተኛው በየአራት ሰዓቱ ይሆናል። ቀን ሥራ ስላለሽ ካርቶኗን ይዘሽ ቢሮ መሄድ የምትችዪ ከሆነ አለቃሽን አስረድተሽ ጠይቂ። ብዙ ሰው አንዴ ካያት እምቢ አይልም። ካልሆነ እናትሽን «አንዴ ቀን ብቻ ይርዱኝ» በያቸው። ሲሪንጁን አንዴ ከያዙ ግማሹን ሥራ ጨርሰሻል።

ከዚህ ሁሉ የተሻለ መንገድ አለ፤ አራስ ድመት ማግኘት። ሠፈር ውስጥ ጠይቂ፣ ክሊኒኮችንም ጠይቂ፤ ሰሞኑን የወለደች ካለች ብዙ ጊዜ የሌላ ልጅ ትቀበላለች። የአራሷ ልጆች የተኙበትን ጨርቅ የግልገልሽ ገላ ላይ አሻሺላትና ከአራሷ ልጆች መሃል አስገቢያት። እንድትልሳት ጠብቂ። ከላሰቻት የአንቺ ሌሊት አበቃ።

ስለ ነፍሰ ጡሯ። የሚያስፈራው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ድመት የምታስተላልፈው በዓይነ ምድሯ ነው፤ አይጥ፣ ወፍ ወይም ጥሬ ሥጋ በልታ ስትያዝ። ወተት ብቻ የቀመሰች የጥቂት ቀን ግልገል ይህ የመኖሩ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። ከወጣም በኋላ ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ወንድምሽ ሚስቱን ያረጋጋት፤ ጥጡንና ቆሻሻውን አንቺ ብቻ አንሺ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ እሷ አትንካው። ካርቶኗ ባለበት ቤት መኖሯ አያሳምማትም። ነገር ግን ጎረቤቶቿ ስለ ድመቷ ሲያስፈራሯት ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ማንም አልከለከላትም ብዬ አስባለሁ። ተሕዋሱ ከዚያም ይመጣል፤ በደንብ ካልታጠበ ሰላጣም። ፍልሰታ ሲፈታ ሥጋው በደንብ ይብሰልላት። በእርግዝና ክትትሏ ቀን ሐኪሟን ትጠይቅ፤ የደም ምርመራ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ግልገሏ ጥርስ ስታወጣ፣ ያም በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው፣ ብትነክስሽ ወይም ብትቧጭርሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢና ጤና ጣቢያ ሂጂ። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል፤ የእናቷን ታሪክ ደግሞ አናውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ ፓስተር ስትዪ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። ግልገሏ ራሷ በሦስት ወሯ ክትባቱን ትወስዳለች።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ። ይህን ጥያቄ ስታነሺ አፍረሽ እንደሆነ ይሰማኛል። አትፈሪ። የሌሎች ረሃብ የሚያሳስበው ሰው ነው ኬሻ የሚፈታው። ኬሻውን አልፈውት የሄዱ ሰዎች ለተራበ ሰው የተረፈ ጊዜ ስላላቸው አልነበረም። እሷ የምትወስድብሽ የግማሽ ሲኒ ወተትና የተወሰኑ ሌሊቶችሽን ነው፤ ከማንም ጉርሻ አልቀማሽም። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሐጂ ሰውዬ እኔን ሲሪንጅ ይዤ ሲያዩኝ ስለ አቡ ሁረይራ አጫወቱኝ። ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ ናቸው፤ ስማቸው በዓረብኛ የድመት ግልገል አባት ማለት ነው። «አየሽ፣ በዚህ ስም መጠራት አላሳፈራቸውም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እኔንም አላሳፈረኝም።

እናትሽ «አትተርፍም» ሲሉም ጨክነው አይመስለኝም። አንቺ ስታለቅሺ ማየት አይፈልጉም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልትሞት ትችላለች። እናት አልባ ግልገሎች ሁሉንም ነገር በትክክል ባደረግንላቸውም ጊዜ ይሞታሉ፤ ይቺ ደግሞ በዝናብ ውስጥ ቆይታ፣ ወተት ትን ብሏት ነው የጀመረችው። በድንገት ዝልፍልፍ ካለች፣ መጥባት ካቆመች፣ ከሙቀቱ ርቃ ከተኛች አስቀድመሽ አሙቂያት፤ ስኳር በጥቂት ሙቅ ውሃ በጥብጠሽ ጣትሽን ነክረሽ ድድዋን ቀቢላት፣ ከዚያ ሐኪም። ብትሞትም ኬሻ ውስጥ፣ በብርድ፣ ብቻዋን አይሆንም።

ለሌሎቻችሁም አንድ ነገር ልበል። ግልገል ያየ ሁሉ አያንሣ። የታሰረ ኬሻ ሌላ ነገር ነው። ነገር ግን ጣሪያ ሥር ወይም ግንብ ጥግ ንጹሕና ሙቅ ሆነው፣ ተደራርበው የተኙ ግልገሎች ካያችሁ እናታቸው ምግብ ፍለጋ ሄዳ ይሆናል፤ ወይም ከቦታ ቦታ እያዛወረቻቸው ነው። ራቅ ብላችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቁ። ቆማችሁ ካያችኋት አትመጣም። በዙሪያቸው ቀጭን አመድ ነስንሳችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱ የድመት ዱካ ካለበት እናት አላቸው። የሰው ሽታ ከነካቸው እናታቸው ትጥላቸዋለች የሚባለው እውነት አይደለም። ነክታችኋቸው ከሆነ መልሳችሁ አኑሯቸው። ኬሻ ለምታስሩት ደግሞ፣ ድመታችሁን በአራት ወይም በአምስት ወሯ ማምከን ይቻላል። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሐኪሞችን ያሠለጥናል፤ ከተማው ውስጥም ክሊኒኮች አሉ። አንድ ቀዶ ሕክምና በየዓመቱ ብዙ ኬሻ ያስቀራል።

የሚቀጥሉትን ሳምንታት በአጭሩ ልንገርሽ፣ ሲደርስ እንዳትደነግጪ። እትብቷ በአራት አምስት ቀን ራሱ ይወድቃል፤ አትጎትቺው። ዓይኗ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይከፈታል። አትክፈቺላት። ከተዘጋው የዓይን ቆብ ሥር መግል ካየሽ ግን ለብ ባለ ውሃ ጠርገሽ ለሐኪም አሳዪ። ሲከፈት ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ በኋላ ይቀየራል። በሁለት ሳምንቷ ስለ ሆድ ትላትል መድኃኒት ሐኪም ጠይቂ። በአራት ሳምንቷ ወተት የነካካው የተፈጨ ምግብ ትልሳለች፤ ያኔ ሳህን ውስጥ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ አድርጊላት፣ መቆፈሩን ማንም አያስተምራትም። የሌሎች በሽታዎች ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንቷ ይጀመራል። ብቻዋን ስለምታድግ በእጅሽ አታጫውቻት፤ ጨርቅ ወይም ክር አንከባልዪላት። እህት ወንድም ያላት ድመት ስትነክስ ተነክሳ ነው መጠኑን የምትማረው፤ እሷ ያን የሚያስተምራት የለም።

ሁለተኛዋ ግልገሌ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። ይህን ስጽፍ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ላይ ተኝታለች።

ዛሬ ማታ ወተት ከመስጠትሽ በፊት ጣትሽን አፏ ውስጥ አስገቢ። ነገ ጠዋት ባለ ሱቁ ጋ ሄደሽ መዝኛትና ግራሟን በቴሌግራም ጻፊልኝ፤ ከነገ ወዲያም እንደገና። ስልኬ ሌሊትም ክፍት ነው።